ጓሮና ጀበና፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት በየጓሯችንና በየጓዳችን ስላሉት፣ አንድ ቀን ምግብ ሌላ ቀን መድኃኒት ብለን ስለምንጠራቸው ቅጠሎችና ቅመሞች ሆኖ አገኘነው። የዚህ አምድ አዘጋጅ ሐረር አያቱ ቤት ያደገ፣ ከዚያም ድሬዳዋ መድኃኒት ቤት ውስጥ ረጅም ዓመታት የሠራ ሰው ስለሆነ፣ በአንድ ጆሮው የአያቱን ምክር በሌላው የሐኪሙን ትእዛዝ ሲሰማ ኖሯል። ሁለቱ ሰው እንደሚያስበው አዘውትረው አይጣሉም፤ የሚጣሉበትም ቀን ጠቡ ብዙውን ጊዜ የመጠን ጠብ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች አንባቢ በዚህ መንፈስ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ለአይብ የሚሆን ጤና አዳም ቀጥፌ፣ ሥሩንም ስኮተኩት ቆየሁ። በማግስቱ ሁለቱም ክንዶቼ ቀሉ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ እሳት እንደነካው ሰው ውሃ ቋጠሩ። ጎረቤቴ ‘ሳትነጺ ነክተሽው ተቆጥቶብሽ ነው’ ትለኛለች። ከዚህም በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ፤ የሦስት ወር ልጄ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር አማቴ የጤና አዳም ውሃ ላጠጣው ትላለች፤ እምቢ ስላት ታኮርፋለች። (አንዲት እናት፣ ከከዚራ)

መልስ፦ ክንድዎን ያቃጠሉት ቅጠሉና ፀሐዩ ተባብረው ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ በጥላ ሥር እምብዛም አይጎዱም፤ ቆዳ ላይ ተቀብተው ፀሐይ ሲያርፍባቸው ግን ቆዳውን እንደ ቃጠሎ ይልጡታል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይና አንድ ወይም ሁለት ቀን ስለሚዘገይ ሰው ከቅጠሉ ጋር አያገናኘውም፤ ስለዚህም ለቁጣ፣ ለዓይን ወይም ለሌላ ነገር ይሰጠዋል። ያበጠውን አያፍርጡት፤ ከፀሐይ ይሸፍኑት፤ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ቡናማ ጠባሳ ሳምንታት ወይም ከዚያ በላይ ቢቆይ አይደንግጡ። ካመረቀዘ ወይም ሰፊ ቦታ ከያዘ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከእንግዲህም እጅጌ ያለው ልብስ ለብሰው ይቅጠፉ፤ ከቀጠፉም በኋላ ክንድዎን በሳሙና ይታጠቡ።

አያቴ ጤና አዳም የምትቀጥፈው ጎሕ ሲቀድ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃት ‘ፀሐይ ካየው ኃይሉ ይሄዳል’ ትለኝ ነበር። መድኃኒት ቤት ከገባሁ በኋላ ስለዚህ ጭማቂ ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ ንግግሯ ነው። ምክንያቷ ከመጽሐፉ ምክንያት ጋር ባይገጥምም ልማዷ ክንዷን ሙሉ ዕድሜዋን ጠብቆላታል፤ እኔም ከአያቶች ወግ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሳገኝ ታሪኩን ከመሳቄ በፊት ድርጊቱን አያለሁ።

የስሙን ትርጉም በተመለከተ፣ አዳም ከገነት ሲባረር በእጁ ይዞት የወጣው ቅጠል ይህ ነው እየተባለ በየቤቱ ይወራል። ቡዳ እንዳይበላ በሕፃን አንገት ይታሰራል፤ ቡዳ ለበላውም ሰው ተጨቅጭቆ በአፍንጫው ይደረጋል። (ከሐረር አምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ፣ ሐረሪዎች በድሮ በሪ የሚሉት፣ በአማርኛ ቡዳ በር መባሉን ያልሰማ እንግዳ ስሙን ሲሰማ ደንግጦ ጤና አዳም ሲፈልግ አይቻለሁ።) ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ጤና አዳም ዋና ቦታው ማጀት ነው፤ ቀንበጡ ቡና ሲኒ ውስጥ ይነከራል፣ ቅጠሉ አይብ ላይ ይከተፋል፣ ፍሬው ደግሞ ከበርበሬ ጋር ይደለዛል። በዚህ መጠን ጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም።

ለሕፃኑ ግን መልሴ አይሆንም የሚል ነው። አንደኛ፣ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ወተት ሌላ ውሃም ቢሆን አይሰጠውም። ሁለተኛ፣ የጤና አዳም ጭማቂ ሲበዛ ሆድ የሚያውክ፣ ጉበትንም የሚጎዳ ነው፤ ለአዋቂ አንድ ቀንበጥ የሆነው ለአምስት ኪሎ ሕፃን ምን ያህል እንደሚሆን የሚለካ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ማኅፀንንም ስለሚያኮማትር እርጉዝ ሴት ጨምቃ ወይም አፍልታ ልትጠጣው አይገባም፤ በዚህ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጡ ሴቶች አሉ። አማትዎን በተመለከተ፣ ትልቅ ሰው የሚያኮርፈው ምክሩ ስለተጣለ ብቻ ሳይሆን ሥራ ስላጣም ነው። ልጁን ካጠቡት በኋላ ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ እንዲያስገሱት ለእርሳቸው ይስጧቸው፤ ቁርጠት የሚመስለው ለቅሶ ብዙ ጊዜ በዚህ ይበርዳል። ጤና አዳሙንም ከሕፃኑ እጅና አፍ ርቆ በራስጌው በኩል ግድግዳው ላይ ያንጠልጥሉት፤ የቀረውም ለእርሳቸው ቡና ይሁን።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ነርስ ናት። ‘አባዬ፣ ምች የሚባል በሽታ የለም’ ትለኛለች። እኔ ግን ላብ እንዳለብኝ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ምች በመታኝ ቁጥር ዳማከሴ በእጄ አሽቼ፣ በአፍንጫዬ ስቤ፣ የተረፈውን በቡና ጠጥቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ሳድር ጠዋት ድኜ እነሳለሁ። ፍርዱን ለእርስዎ ሰጥተናል። (አንድ አባት፣ ከሐረር፣ አራተኛ)

መልስ፦ ምች በሆስፒታል መዝገብ ላይ በአንድ ስም የሚጻፍ በሽታ ስላልሆነ ልጅዎ እውነቷን ነው። ሕዝቡ ግን ምች የሚለው ነገር የታወቀ መልክ አለው፤ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሰውነት መቆረጣጠም፣ ከዚያም ከንፈር ላይ ፈንድቶ የሚወጣ ውሃ የቋጠረ ቁስል። የወጥ ሽታ ወይም ላብ ያለበት ሰው፣ ይልቁንም አራስ ሴት፣ ቀትር ላይ ስትወጣ ይመታታል ይባላል። የከንፈሩ ቁስል ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ቫይረሱ አንዴ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ትኩሳት፣ ድካም፣ ደግሞም ብርቱ ፀሐይ ሲያገኘው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ‘ፀሐይ ላይ ወጥቼ ምች መታኝ’ ብሎ ከንፈሩን የሚያሳይ ሰው ሐኪሙ ከሚለው ብዙም አልራቀም። የወጡ ሽታ ጉዳይ ግን ያው ወግ ነው።

ዳማከሴ፣ በሳይንስ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም፣ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ተጠንቷል፤ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳት የማብረድ ኃይል እንዳለው ታይቷል። ይህ ግን አይጥ ላይ የታየ እንጂ በሰው ላይ በልክ ተመዝኖ የተረጋገጠ ስላልሆነ፣ ስንት ቅጠል ለስንት ሰው የሚለው እስካሁን በእርስዎ መዳፍ ነው የሚለካው። ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት ደግሞ ዳማከሴ ተጠጣም አልተጠጣም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ራሱ ይሄዳል፤ ልጅዎ ልትነግርዎ የፈለገችው ምናልባት ይህንን ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐረር ላይ ሆነው ምች ያሉትን ነገር ድሬዳዋ ወርደው ቢይዝዎ ትንኝ የምታስተላልፈው ዴንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የዴንጊ ወረርሽኝ የተረጋገጠው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባለ ሌላ ትንኝ ወለድ በሽታ ገባ፤ በ2022 ደግሞ ወባው ከወትሮው ተለይቶ ተነሣ። በጊዜው በየቤቱ ‘ምች ነው’ እየተባለ ዳማከሴ ሲታሽ የሰነበተ ብዙ ትኩሳት ነበር። ወባ ቀን አይሰጥም፤ ዴንጊ ደግሞ ትኩሳቱ በረደ በተባለበት ቀን ሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና የድድ መድማት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ወይም ድሬ የሚኖር ሰው ትኩሳት ሲይዘው በመጀመሪያው ቀን ደሙን ይመርመር፤ ዴንጊ ሊሆን ይችላል በተባለ ጊዜም አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰድ፤ ደም መፍሰስን ያብሳሉና። ዳማከሴዎን ውጤቱን እየጠበቁ ቢያሸቱ የሚከለክልዎ የለም። በትናንሽ ልጆች አፍንጫ ግን አያንጠባጥቡ፤ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ቤቱን ዘግተው በከሰል ፍም ላይ ቀበርቾ የሚያጥኑም ከሆነ መስኮቱን ይክፈቱ፤ የከሰሉ ጭስ ከምቹ የከፋ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ተጋቢ ነኝ፤ እናቴ ሩቅ ናት። ቅቤ ሳነጥር ኮሰረት ነው ወይስ በሶብላ የሚገባው? ገበያ ላይ ደርቀው ሳያቸው አይለዩኝም። ያነጠርኩትም ቅቤ በሦስት ሳምንት ጠረኑ ተለወጠ። (ከሳቢያን)

መልስ፦ ሁለቱም ይገባሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። በሶብላ አበባውና ዘሩ ጭምር ዘለላ ሆኖ የሚደርቅ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥም የሚገባ፣ ጣፋጭ ጠረን ያለው ነው። የዳማከሴ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በእርጥቡ ሲታይ ሰው ያሳስተዋል፤ ዳማከሴን ግን ወጥ ውስጥ ማንም አይጨምረውም። ኮሰረት በአብዛኛው ቅጠሉ ብቻ ደርቆ የሚሸጥ፣ በጣት ሲፈተግ ከአዝሙድ ይልቅ ወደ አበባ የሚያደላ ሽታ የሚሰጥ ነው፤ ክትፎ ላይ የሚያውዱ ቅቤዎች ያለ እርሱ አይሆኑም። ቅቤ እንዳይበላሽም ይረዳል የሚባለው እውነትነት አለው።

የእርስዎ ቅቤ የተለወጠው ግን በቅጠል እጦት አይመስለኝም። ጥሬ ቅቤ ውስጥ ውሃና አጓት አለ፤ ይህ በዝግታ እሳት ተንተክትኮ ካላለቀ በድሬ ሙቀት ሦስት ሳምንት መቆየቱ ራሱ ደግ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን መጀመሪያ ይጨምሩ፣ አረፋው እስኪጠራና የመንጫጫት ድምፁ እስኪጠፋ ይታገሡ፤ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውንና እርዱን የሚጨምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅጠል ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ ቅቤውም ይመርራል። አጥልለው ሲያበቁ በደረቀ ዕቃ ይገልብጡት፤ እርጥብ ማንኪያ ዳግመኛ አይግባበት።

ጥያቄ፦ ትውልዴ ጁገል ነው፤ አሁን የምኖረው ድሬዳዋ ነው። አባቴ ስኳር አለባቸው። ሑልበት፣ ማለትም አብሽ፣ ለስኳር ፍቱን ነው ስለተባሉ ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ የአብሽ ውሃ፣ ማታ ደግሞ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይወስዳሉ፤ ክኒናቸውንም አላቋረጡም። ባለፈው ሳምንት ከዐሥር ሰዓት ሶላት በኋላ አላባቸው፣ ተንቀጠቀጡ፣ ሊወድቁም ደረሱ። ቤተሰቡ ዓይን ነው አለ። ምን ይመስልዎታል? (አንድ ልጅ፣ ከመጋላ)

መልስ፦ እንደ ነገሩኝ ከሆነ ስኳራቸው ወርዶ ነው የሚመስለኝ፤ ሐኪማቸው ይህንን ዛሬውኑ ሊያውቅ ይገባል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብና መደናገር ሲታይባቸው ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ለስላሳ ያጠጧቸው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳያስገቡ ወደ ሕክምና ያድርሷቸው።

አብሽ በእርግጥ የስኳር ነገር ላይ ሥራ አለው፤ ‘ፍቱን’ የሚለው ቃል ነው የበዛው። ፍሬው ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ሙጫ መሰል ዝልግልግ ነገር ምግቡ ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ ያዘገየዋል። ጥቁር አዝሙድም ስኳርንና የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ታይቷል። ‘ከሞት በስተቀር ለሁሉ በሽታ ፈውስ ነው’ የሚለውን ሐዲስ አባትዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ የቅመሙን ክብር የሚነካ ነገር ልናገር አልፈልግም። ነገር ግን ግሊቤንክላማይድን የመሰለ ክኒን ብቻውን ስኳር የሚያወርድ ነው፤ በእርሱ ላይ አብሽ፣ በአብሹ ላይ ጥቁር አዝሙድ ሲደራረብ ሦስት ሰው አንድን ጋሪ ቁልቁል እንደሚገፋ ይሆናል። ክኒኑ በአብሽ ይተካ ማለቴም አይደለም፤ ሐኪሙ ሁሉንም በአንድ ላይ አይቶ ይወስን፤ እስከዚያው ትልቁ ብርጭቆና ዘይቱ ይቁሙ። የአብሹ ዝልግልግ የሚዋጥን ክኒንም ሊያዘገይ ስለሚችል ሁለቱ በአንድ ሰዓት ባይወሰዱ ይመረጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አብሽ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ሑልበት መረቕ ጥቂት ላውራ፤ የሐረር ልጅ ነኝና ስሙን ጠርቼው ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። በአገራችን ብዙ ቦታ አብሽ ቆንጠር ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ውስጥ የሚገባ ቅመም ነው። ሐረሪዎች ግን ራሱን አብሽን ወጥ አድርገውታል። አብሹ ተፈጭቶ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው እየተደፋ ሲቀየር ምሬቱ ይሄዳል፤ ከዚያም በእጅ ሲመታ፣ ሲመታ፣ ሲመታ ያ ቡናማ ዱቄት ነጭ አረፋ ይሆንና እንደ እንቁላል ነጭ ይነፋል። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ያሉ እናት በጎድጓዳ ሳሕን ሲመቱት ዓይኔን ሳልነቅል እመለከት ነበር፤ ክንዳቸው ደክሞ ሲያርፉ ‘ና አንተ ምታ’ ይሉኛል፤ እኔ የመታሁት ግን አንድም ቀን አልነፋልኝም። የመናውያንም ሒልባ ብለው በዚሁ መንገድ ይመቱታል፤ ሐረርና የመን በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ ሆነው ለዘመናት ሲነግዱ ስሙንም አሠራሩንም ተጋርተውታል። የሥጋው መረቅ ላይ ሲደረግ የሚገባው አብሽ ምሬቱ ታጥቦ ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር በልክ የሚበላ ስለሆነ፣ አባትዎ በበዓል ቀን ከቤተሰብ ጋር ቢቀምሱት ከዚያ ትልቅ ብርጭቆ ጋር አንድ አይደለም። ለማንኛውም በማግስቱ ላባቸው አብሽ አብሽ ቢል በሽታ አይደለም፤ ሶቶሎን የሚባለው የአብሽ መዓዛ በላብና በሽንት ስለሚወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሐረማያ ተማሪ ነኝ። ከማሽላ እርሻ ዳር የሚበቅለውን፣ ፍሬው እሾሃም የሆነውን አስተናግር ያጠጡት ሰው የደበቀውን ምስጢር ሁሉ ይናገራል ይባላል። አንድ ጓደኛችን ገንዘብ ጠፍቶበት በሻይ አድርጎ ሊሞክርብን እያለ ይቀልዳል። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛህ ቢቀልድም እንኳ እናንተ በቀልድ አትለፉት። ስሙ ራሱ ‘የሚያናግር’ ማለት ነው፤ ስለ እርሱ የሚነገረውም ተረት ከስሙ የወጣ ነው። ቅናተኛ ሚስት ለባሏ፣ ዳኛ ለሌባ፣ ጠንቋይ ለባላጋራው ሰጠው እየተባለ ሲወራ ሰምቻለሁ። ተረቱ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። በአስተናግር ፍሬና ቅጠል ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ሮበርት ሃውስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይኸው ስኮፖላሚን እውነት ያናግራል ብሎ በቴክሳስ እስረኞች ላይ ሞክሮት ነበር። የተጠበቀው ግን አልሆነም፤ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ይናገራል፣ የሚናገረው ግን ያየውንም ያላየውንም ቀላቅሎ ነው። የእኛ አገር ሰው የሚያናግር ብሎ እንጂ እውነት የሚያናግር ብሎ አለመሰየሙን ልብ በልልኝ።

የሚሆነውን ላስረዳህ። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ገላ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሽንት ይያዛል፤ ሰውየው የሌለ ሰው እያየ ያወራል፣ ልብሱን ይነጫጫል፣ ልቡም ይሮጣል። የአንዱ ፍሬ መርዝ ከሌላው ፍሬ ስለሚለያይ ‘ትንሽ ነው ያደረግሁት’ የሚባል ነገር የለም፤ የሚሞትም አለ። እንዲህ የሆነ ሰው ካየህ ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ውሰደው፤ ምን እንደ ጠጣም ሳታፍር ተናገር፤ ሐኪሞቹ ስሙን ካወቁ ሥራቸው ይቀላል። ጥርስ ለማከም ዘሩን ፍም ላይ አድርጎ ጭሱን በአፍ መሳብም በገጠሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዘው ይሆናል፣ ጥርሱ ግን ያው የተበላ ጥርስ ነው፣ መርዙም ያው መርዝ ነው። ቤተሰቦችህ ገበሬዎች ከሆኑ ደግሞ ከማሽላው ጋር ታጭዶ እንዳይወቃ አስቀድመው እንዲነቅሉት ንገራቸው፤ ዘሩ ከእህል ጋር ተፈጭቶ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ሊመርዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ደጃችን ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ማታ ማታ ቅጠሉን እያጨስን ትንኝ እናባርራለን፤ አንዳንድ ሰው ደግሞ ዘይቱን ለሕፃናት ሳል ይሰጣል። ይህ ዛፍ በእውነት ይህን ሁሉ ይችላል? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ኒም ከሕንድ በኩል የመጣ፣ የድሬን ሙቀትና የውሃ እጥረት ችሎ ጥላ የሚሰጥ ባለውለታ ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሲነገርለት አይደንቀኝም። ጭሱ ትንኝን ለጊዜው ያርቃል፤ የሰውንም ዓይንና ሳንባ ይቆጠቁጣል። ነገር ግን ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናደፈው ቀን በመሆኑ የማታው ጭስ እርሷን አያገኛትም። በ2022 ከነበረው የከተማው ወባ ጋር የተያያዘችው፣ ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝም እንደ እርሷ ሁሉ በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ሮቶውንና በርሜሉን መክደን፣ የአሮጌ ጎማ ውሃ መድፋትና አጎበር መዘርጋት ከአንድ ጆንያ የኒም ቅጠል ይበልጣል። ዘይቱን ለሕፃን ማጠጣት ፈጽሞ አይገባም፤ በሌሎች አገሮች በጥቂት ማንኪያ ሕፃናት ታመው፣ የሞቱም አሉ። ከቀጭኑ ቅርንጫፍ መፋቂያ ቆርጦ ጥርስ መፋቅ ግን ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኮሶ ዛሬም ቀፊራ ይሸጣል? አያቴ በየሁለት ወሩ ይጠጡ ነበር። (ከለገሃሬ)

መልስ፦ ይገኝ ይሆናል፤ እንዲፈልጉት ግን አልመክርዎትም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ኮሶን እንደ ወር ደመወዝ ቀን ቆርጦ ይጠጣ ነበር፤ ‘ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል’ ማለትም እንግዳ ለመመለሻ የሚያገለግል ጨዋ ሰበብ ነበር። ባላባቶቹ አፄ ቴዎድሮስን የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው ሲሰድቧቸው ተሳዳቢዎቹ ራሳቸው ከኮሶ ሻጭ ደጅ አይጠፉም ነበር ማለት ነው። ከሴቴው ዛፍ አበባ የሚዘጋጀው መጠጥ ትሉን ያስወጣል፤ ሲበዛ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የተባለ ክኒን በሐኪም ትእዛዝ አንድ ጊዜ ይወሰድና ያበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄን ጡት ለማስጣል እሬት ልቀባ አስቤያለሁ፤ አይጎዳውም? ደግሞ በሐረር መንገድ ዳር መቃብሮች ላይ እሬት ተተክሎ አያለሁ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድ ሥር ነቅዬ ቤቴ ልተክልስ እችላለሁ? (ከድሬዳዋ፣ ነምበር ዋን)

መልስ፦ እሬት ሁለት ፈሳሽ እንዳለው አስቀድመው ይወቁ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጡ ሥር የሚወርደው ቢጫ ውሃ እጅግ መራራ ነው፤ ሆድ የሚያስቀምጠውም እርሱ ነው። መካከሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ደግሞ ለቃጠሎና ለደረቀ ቆዳ የሚቀባው ነው። እናቶች ጡት ለማስጣል የሚቀቡት መራራውን ነው፤ ልጁ ደጋግሞ ከላሰው ተቅማጥ ይይዘዋል። ልጅዎ ሁለት ዓመት ከሞላውና ምግብ የለመደ ከሆነ ጡቱን በየቀኑ አንድ አንድ ጊዜ እየቀነሱ ማስጣል ይሻላል፤ ቁርጥ ካሰቡበት ግን ጠብታዋን ብቻ ይንኩ፣ ልጁ ቀምሶ ሲተወውም ወዲያው ይታጠቡ።

የመቃብሩ ነገር እንዲህ ነው። እሬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ለወራት ሳይጠጣ ሳይጠወልግ የሚኖር ተክል በመሆኑ፣ የሞተውን ሰው ቦታ አረንጓዴ አድርጎ ይጠብቃል ተብሎ ይተከላል፤ በሐረርጌ ኦሮሞዎች ሀርጌሳ የሚሉትም እርሱን ነው። አካባቢያችን ለእሬት የተመቸ ከመሆኑ የተነሣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ካለችው ጥንታዊቷ ሐርላ ስሙን ያገኘ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኝ አንድ የእሬት ዝርያ አለ። ከእነዚያ ኮረብታዎችም ከመቃብርም አይንቀሉ። እሬት ያለው ጎረቤት ከሥሩ የሚወጣውን ቡቃያ ይለምኑ፤ የተቆረጠበት ቁስሉ እስኪደርቅ ሦስት አራት ቀን ጥላ ላይ ያኑሩት፤ ከዚያ ውሃ በማይቋጥር አሸዋማ አፈር ተክለው ለመጀመሪያው ሳምንት ውሃ አያጠጡት።